የመጀመሪያዋ ቅጠል

የተስፋው እናት ትል እንደነበረው፣ ባሏን ዘሩን ጫት ያስለመደው በወታደርነት የኖረበት ሐረር ነው። ሌላዋ ሚስቱ፣ የክንዱ እናት ደግሞ ነቀምት ሆና፣ «ሐረር ምን አደረገው? ጓደኞቹ ቅመው ተዉት አይደል? የጎጃሟ ሚስቱ መድኃኒት አቅምሳው ነው» ትል ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ ሞቱ። ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ጠዋት ተያይተው አያውቁም።

አሁን ወንድማማቾቹ ከቆጋ መስኖ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ክንዱ የጭነት መኪናውን መራዊ አቁሞ፣ አጠያይቆ የመጣ ሾፌር ነው። ከፊታቸው የተስፋው ማሳ ቦይ ወጥቶለት ውሃ ይጠብቃል፤ የውሃው ተራ ዛሬ የእሱ ነው። ከኋላቸው በኮባ የተጠቀለለ የጫት ችግኝ ተደርድሯል።

«ወንድሜን የበላ ቅጠል» ይላሉ አክስታቸው ደስታነሽ፣ ችግኙን በምርኩዛቸው እየነካኩ። «የሚስትህ የሰርካለም የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ ደርሶልህ የለም?»

«አምና ሽንኩርቱ ገዥ አጥቶ በሰበሰ፣ አክስቴ። ጫት የተከለው ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ደግሞ ልሸጠው ነው እንጂ ልቅመው ነው እንዴ?»

ክንዱ ይስቃል። ከኪሱ ያወጣትን ቀንበጥ በጣቶቹ ያሻታል።

«እኔም እንዳንተ ነበር የምለው፣ አያ ተስፋው። ከጓደኞቼ ጋር አብረን ነው የቀመስነው። እነሱ መረረን ብለው ተፉት። እኔ ግን የመጀመሪያዋን ቅጠል ስውጣት፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ሰው ፋኖስ ያበራ መሰለኝ። ጨለማ ውስጥ መኖሬንም ያወቅሁት ያኔ ነው።»

ደስታነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ፋኖሱን! ዘሩ ከጦር የተመለሰ ጊዜ እደጃፌ ተቀምጦ ያለኝ ይኸንኑ ነው። ‹ደስታ፣ ሆዴ ውስጥ ፋኖስ በራ።› ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። አንተን እናትህ ገና አርግዛህ ነበር!»

ክንዱ ቀንበጧን አፉ አጠገብ እንደያዛት ቀርቷል።

ተስፋው ወንድሙን ያየዋል። የግራ ጆሮው ጫፍ ልክ እንደ ራሱ ጆሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የትንሿ ልጁ የውዳሴ ጆሮም እንዲሁ ነው። ጆሮ ከአባት መምጣቱ አስደንቆት አያውቅም። ፋኖስም ይመጣል? ወንዝና በረሃ ተሻግሮ፣ አባቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ ሆድ ውስጥ ዘይቱ ተሞልቶ፣ ክብሪት እየጠበቀ ይቀመጣል?

ትናንት ችግኝ ሻጩ፣ «የምትተክለውን ቅመሰው እንጂ» ብሎ አንድ ቅጠል ሰጥቶት ነበር። ጣዕሙን ለጠየቀችው ለሰርካለም «ሣር ነው» አላት። ሣር አልነበረም። ዓለም በሙሉ ጥርት ብሎ፣ የቦዩ ውሃ እንኳ ስሙን የሚጠራው መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ችግኙን ላርጥብ እያለ ሲመላለስ ነው የዋለው።

«አንተ ተስፋው!» ይጮኻል ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ወልደ ገብርኤል ከቦዩ ራስ ላይ። «እንግዳ መጣብህ ብሎ ውሃ ይቆምልሃል? ምን ልትተክል ነው? ልልቀቀው?»

ተስፋው ይነሳል። እጁን ለክንዱ ይዘረጋለታል፤ ክንዱም ቀንበጧን መሬት ላይ ትቶ እጁን ይይዘዋል።

«ሽንኩርት!» ይላል ተስፋው፣ ድምፁ ማሳውን ተሻግሮ እስኪሰማ። «ልቀቀው! ወንድሜ ያግዘኛል፤ ሽንኩርት ነው!»