የቤተሰብ ስም

ወደምትኖርበት የሰው አገር ስትመለስ የመግቢያውን ፎርም በስልክ ሞልታ ካላሳየች ቦሌ ላይ አያሳፍሯትም። የራሷን ሞላች፤ አረንጓዴ በራላት። አሁን ይዛት የምትሄደውን የትንሿን ልጇን ስትሞላ ግን ስልኩ ቀላ፦ «የእናትና የልጅ የቤተሰብ ስም አይመሳሰልም።»

ከየት ይመሳሰላል? እሷ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጇም በአባቷ። ደግማ ሞላች፤ ደግሞ ቀላ። መሳፈሪያው ሊዘጋ ነው። ዓመታት ደጅ ጠንታ ያገኘችው የልጅቷ ቪዛ ደግሞ ነገ ይቃጠላል።

«ወንድሜ፣ አንተ እንኳን ሐበሻ ነህ፣ ይገባሃል» አለችው የትኬት ሠራተኛውን፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እህቴ፣ እኔማ ገብቶኛል፤ ኮምፒውተሩ ነው ሐበሻ ያልሆነው።»

አለቃው መጣ። እንባዋን አየ።

«ፎርሙን ተዪው፣ እኔ በእጄ አሳልፍሻለሁ። ልጅቷን ብቻ ልጠይቃት፤ ሕፃን አይዋሽም» አለና ጎንበስ አለ። «ሚጣዬ፣ እማዬ የታለች?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ከመስታወቱ ውጭ እጇን ወደምታውለበልበው አያቷ ጠቆመች።

«ያቻት።»

«ይቺስ?»

«ሰናይት ናት» አለች ልጅቷ። «ስልክ ውስጥ የምትኖረዋ።»