የኋላው መስኮት

ጣርማ በር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የመኪናዋ የፊት መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፈነ። ሹፌሩ በእጅጌው ወለወለው፤ እጁን ሳያነሳ መልሶ አላበው። የአሮጌዋ መኪና ማሞቂያ ከተበላሸ ቆይቷል። በበሩ የገባው ዝናብ ምንጣፉን አርሶታል፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ አራሷ የተጠቀለለችበት እርጥብ ባና የበግ ሽታ ይሸታል። ከጣሪያው አንድ ጠብታ ማጅራቱ ላይ ወረደ።

"እማማ፣ መንገዱን ከገደሉ መለየት አቃተኝ። መስኮት ትንሽ እንክፈት።"

"አራስ ይዘን?" አሉ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ ያስደገፉት እናት። "ደሟ አልቆም ማለቱ ሳያንስ ንፋስ ልታስመታብኝ ነው? አንዱንም መስኮት አትነካም!"

"ሆስፒታል ሳንደርስ ገደል እንገባለና!"

"አይከፈትም ብያለሁ።" በአጠገባቸው ያለውን የመስኮት እጀታ በመዳፋቸው ሸፈኑት።

ሹፌሩ ተናዶ ወደ መንገዱ ዞረ። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው፣ በራሰ ጨርቅ እያሸ፣ መኪናዋን እንደ እግረኛ አዘገማት። ጥቂት ጠመዝማዛ እንዳለፉ የእጀታው ሲጥሲጥታ ከኋላው ተሰማ። ብርዱ ገባ። መስታወቱ ከዳር ጀምሮ እየጠራ መጣ፤ መንገዱ ታየ።

"ተመስገን! አሁን በቶሎ እንደርሳለን" አለና ነዳጁን ረገጠው።

"ቀስ በል፣ ልጄ" አሉት። ዞር ሲል የልጃቸውን ዓይኖች በጣታቸው ከድነው ባናውን በፊቷ ላይ እየሳቡ ነበር። "ከፈለግህ ያንተንም ክፈተው።"