ዳገቱ እስኪያልቅ

ሄኖክ ገና በማለዳው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሚስቱ እንቁ ፎጣውን ተቀበለችው። ውድድሩ ትራያትሎን ነው። ሐይቁን ዋኝቶ፣ በብስክሌት አዲስ አበባ ገብቶ፣ እንጦጦን ወጥቶና ወርዶ፣ በመጨረሻ የፒያሳን ዳገቶች በሩጫ መዞር ነው። እንዲህ ያለውን መከራ ፈልጎ የሚመዘገብ ሰው ጤነኛ ነው ለማለት ያስቸግራል።

«አባባን ቁርስ አብልቼ፣ እሪ በከንቱ ዳገት ላይ ውሃ ይዤ እጠብቅሃለሁ» አለችው።

«በምን ትሄጃለሽ?»

«ታክሲ ሞልቷል። አንተ ብቻ እንዳትሰምጥብኝ!»

አባቱ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ሆስፒታል ከተኙ ሰነባብተዋል። በወጣትነታቸው በአራዳ መንገዶች ብስክሌት ይሽቀዳደሙ ነበር። ትናንት የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ «ሜዳሊያውን ሳላይ አልሄድም። ሳትጨርስ ግን እንዳትመጣ» ብለውታል። ሐኪሙ ደግሞ ኮሪደር ላይ፣ «ሳምንቱን መዝለቃቸውን እንጃ» ብሎታል። ሄኖክ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቱ በሕይወት እያሉ ሜዳሊያውን አንገታቸው ላይ ማጥለቅ።

ዋናውን በሰላም ጨረሰ። ብስክሌቱ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ገጠመው፤ ከባድ መኪኖች ጭሳቸውን አለበሱት። ቃሊቲ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ ግማሹን መንገድ ዘግቶ ተወዳዳሪዎቹን በጠርዝ በኩል አሳለፋቸው። ሄኖክ አጎንብሶ ስለሚነዳ ምን ከምን እንደተጋጨ አላየም፤ ፍጥነቱ ስለተሰበረበት ግን ተነጫነጨ። እንጦጦን እግዜር ይወቀው እንጂ በምን ጉልበት እንደወጣው ራሱም አያውቅም።

ሩጫው ሦስት ዙር ነው። ከጊዮርጊስ አደባባይ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወረዳል፤ በእሪ በከንቱ በኩል እያለከለኩ ይወጣል።

በመጀመሪያው ዙር ዳገቱ ላይ ውሃ ይዞ የጠበቀው እንቁ ሳትሆን ወንድሟ መርሻ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«እንቁስ?»

«ሆስፒታል ናት።»

«አባባ ምን ሆኑ?»

«ደህና ናቸው።»

«መርሻ!»

«ማርያምን! አባባ ደህና ናቸው። ሩጥ በቃ።»

ሄኖክ ሮጠ፤ መሐላውን ግን አላመነውም። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመድ ድንገት አይነገርም። ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ተሽሎታል ይባላል። ከዚያ ሽማግሌና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አመቺ ሰዓት ይመረጥና መርዶው ይነገራል። እናቱ የሞቱ ጊዜ፣ «ተሽሏቸው ሾርባ ጠጡ» ያለው ይኸው መርሻ ነበር። ያኔም ማርያምን ብሎ ምሏል።

በሁለተኛው ዙር የፈራውን በዓይኑ አየው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ የእድሩ ሰዎች የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ሁሉም ዳገቱ ዳር ቆመዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሐጎስ አሉ። እትዬ የሺዓለም ከየካ አባዶ ድረስ መጥተዋል። ለሩጫ? እሱ በየጠዋቱ ሲሮጥ ሲያዩት፣ «ማን ያባርረዋል?» እያሉ ይስቁበት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ማንም አላጨበጨበም። ሲያልፍ ሹክሹክታቸው ደረሰው።

«አሁን ይነገረው» አለ አንዱ።

«ተው! በዚህ ድካም ላይ ልቡ ቀጥ ትላለች» አሉ ጋሽ ሐጎስ። «ይጨርስ።»

ዞር ብሎ አያቸው። እትዬ የሺዓለም ደነገጡ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «አይዞህ ልጄ፣ አባትህ ደህና ናቸው!» ብለው ጮሁ።

በቃ፣ ጥርጥር የለውም። ሄኖክ እንባውንና ላቡን አንድ ላይ ጠረገ። ዓይናቸውን የከደነችው እንቁ ትሆናለች ብሎ አሰበ። ብቻዋን ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ለማን ልደውል ስትል ታየችው። ለጊዜው ከአባቱ ይልቅ እሷ አሳዘነችው።

ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር አንድ የሞኝ ሐሳብ መጣለት። ዳገቱ እስኪያልቅ ማንም አይነግረውም። እስካልተነገረው ድረስ ደግሞ አባቱ አልሞቱም። ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን ዳገት ሲረግም የዋለ ሰው፣ የመጨረሻው እንዳያልቅበት መለመን ጀመረ። ሩጫውን ትቶ ተራመደ። ከኋላ የነበሩት አንድ በአንድ አለፉት።

«በርታ ወንድሜ፣ ደረስክ እኮ!» አለው አንዱ።

ሄኖክ እርምጃውን ይብሱን አሳጠረ። ቢሆንም ዳገት ነውና አለቀ።

አደባባዩ ላይ ሜዳሊያውን አጠለቁለት። ወዲያው የእድሩ ሰዎች ዙሪያውን ከበቡት። መርሻ አቅፎት ተንሰቀሰቀ፤ መቆም አቅቶት ሁለት ሰዎች ያዙት። አማቹ አባቱን ይህን ያህል እንደሚወዳቸው ሄኖክ አያውቅም ነበር።

«አትጨነቁ፣ አውቄዋለሁ» አላቸው። «ዕድሜ ጠግበዋል። ስቃያቸውም አበቃ።»

ጋሽ ሐጎስና እትዬ የሺዓለም ተያዩ።

«ሜዳሊያውን ግን ሳያዩልኝ!» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።

ጋሽ ሐጎስ ዳር ወደ ቆመ መኪና በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሁለት ጎረምሶች ተደግፈው፣ እያለቀሱ ወደ እሱ የመጡት አባቱ ነበሩ።