የተገኝ ደሴት

ተገኝ ባለ ደሴት ከሆነ አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። ሳንዲ ስፕሪንግስ በባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ለሚኖር ታክሲ ነጂ ደሴት ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ ተገኝም ራሱን እየጠየቀ ነው።

ደሴቷን የሸጠለት ደላላ ከኤርፖርት የጫነው ተሳፋሪ ነበር። የደሴቷን ባለቤቶች እስከ ሆቴሉ በር ድረስ ቆጠረለት፦ መጀመሪያ ዓሣ አጥማጅ ቀይ ሕንዶች፣ ቀጥሎ የሩዝ እርሻ ጌታ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከባርነት ነፃ የወጡ ቤተሰቦች፣ ከዚያ እንጨት ነጋዴዎች፣ አሁን ደግሞ አንድ ትንሽ ኩባንያ። ሁሉም ለምን ትተዋት እንደሄዱ ተገኝ አልጠየቀም። ከሁሉም ብልጥ እሱ መሆኑ ብቻ ነው የታየው።

ጠዋት ሄዶ አያት። ሸርጣኑ ይርመሰመሳል፣ ነጫጭ ወፎች ሣሩ ውስጥ ይለቅማሉ። ከዳር እስከ ዳር በጫማው ሄደባት፤ እዚህ ሎጅ፣ እዚያ ጀልባ ማቆሚያ እያለ በጣቱ ሠራ። ወሬው እንዳይወጣ እሱም በኩባንያ ስም ገዛት። ከሚስቱ ጋር ሎረንስቪል ሊገዙት ላሰቡት ቤት ያጠራቀመው ድርሻው በዚያው አለቀ።

ሊመርቃት በሌላ ቀን ከሰዓት ሲሄድ ደሴቷ የለችም። አንድ ዘንባባ ብቻ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ባሕሩ በቀን ሁለቴ እየመጣ እንደሚሸፍናት፣ በየዓመቱም እየበላት እንደሆነ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነገረው። ተገኝ ያደገው ጣና ዳር ነው። ጣና ማታ የተዉት ቦታ ጠዋት ይገኛል፤ እሱም ሐይቅ ስላየ ውሃ የሚያውቅ መስሎት ኖሯል።

የከፋው ደግሞ ሚስቱ ፅጌረዳ ሳትነቃበት አልቀረችም። ቴሌቪዥኑ ባሕር ሲያሳይ ቻናል ትቀይራለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ በስልክ ታንሾካሹካለች። አንድ ቀን ልቧን ሊያይ፣

«ባሕር ዳር መሬት ብንገዛስ?» አላት።

«ሲሪየስሊ፣ ባሕር ላይ ገንዘቡን የሚጥል ጤነኛ ነው?» ብላ ሳህኑን አስቀመጠችው።

አወቀች ማለት ነው። የምታወራው ከጠበቃ ጋር ነው፤ ጉዳዩም ፍቺ ነው። ተገኝ ፈራ። ደሴቷስ ትስጠም፣ ያለ ፅጌረዳ ግን መኖር አይችልም።

ቅዳሜ የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ፣ ዳውን ፔይመንቱን፣ ሊያዋጡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

«ፅጌ፣ ይቅር በይኝ፣ አንድ ነገር አለ...»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናዘዝ» አለችው፤ ፊቷ ግን በርቷል። «የእኔን ድርሻ ከእቁብ እህቶቼ ጋር ኢንቨስት አድርጌው ነበር። ሳቫና ለጸሎት ሪትሪት የሄድን ጊዜ ጠዋት አንዲት ደሴት አይተን፣ ኩባንያ ከፍተን ገዛናት። ለካ ከሰዓት ውሃ ውስጥ ትገባለች። ዓመት ሙሉ እንዴት ብዬ ልንገርህ? አሁን ግን ተሸጠች፣ ብሬም ተመለሰ።»

ተገኝ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ማን ገዛት?»

«እኔ እንጃ። ስንጾም ስንጸልይ ከርመን፣ ጌታ አንድ ሞኝ ላከልን።»