የትርንጎ ማህተም

ትርንጎ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ማህተም ከመምታቷ የተነሳ፣ እጇን ስታነሳ የግቢው እርግቦች ድምፁን ሳይጠብቁ ይበርራሉ። ካላመናችሁ እርግቦቹን ጠይቁ።

ያን ዕለት ፕሬዚዳንቱ ሦስት መቶ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ከመሩ። እያንዳንዱ "ማህተሙ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥተዋል፤ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት መንካት ክልክል ነው" ይላል። የእሳቸው አዲስ መኪና ግን ፈቃድ አልወጣችም፤ ደጅ ቆማ ታብለጨልጫለች።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደምመላሽ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ጮኸ፦ "እትዬ ትርንጎ! በስብሰባው 'ደመወዛችን አይነካም' ብለሽ እጅሽን አውጥተሽ አልነበር? ዛሬ በዚያው እጅ ልታርጂን ነው?"

"ባንዳ!" አሏት ከኋላው ያሉት።

ትርንጎ ከክምሩ መሃል የራሷን ደብዳቤ መዝዛ "የኔ ይቅደም" አለች።

"አርአያ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

ዷ! እርግቦቹ በረሩ። ትርንጎ ሰዓቷን አየች፤ ማህተሙን ካዝና ውስጥ ቆልፋ ነጠላዋን አነሳች።

"የቀረውስ?" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

"ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ንብረት አልነካም።"

"እንግዲያው ቁልፉን አምጪ!"

"ቁልፍ የሚረከበው ኮሚቴ ነው ጌታዬ። ኮሚቴውን በደብዳቤ ይሰይሙ" አለች ከደጃፉ ዞር ብላ፤ "ደብዳቤው ታዲያ ማህተም ይኑረው።"