ምድጃው ዜና ይሰማል

ዜናው «ሥራ ሞልቷል» ባለ ቀን፣ ሥራ ሳይውል የቀረ ሰው ምድጃ አይበራም። ይህ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ እሳት የማይፈልገው በሶ የሌለበት ቤት የለም።

ጥሩዬ ምድጃውን ነካችው። እምቢ ሲላት በጥፊ አጮለችው።

«የት ውለሽ ነው?» አላት ደርሶ የሚባለው፣ ወገቡን ታሞ የተኛው ባሏ።

«ፋብሪካው በር ላይ ስጋፋ! አንድ ሰው እንኳ አላስገቡም።»

«ታዲያ ዜናው ይዋሻል?»

ይኸኔ በቴሌቪዥኑ የማታው ዜና ጀመረ። ፋብሪካው በር ላይ ከተኮለኮለው ሕዝብ ፊት ጥሩዬ እጇን እያውለበለበች ትስቃለች። «ሠራተኞች በደስታ ወደ ሥራ ሲገቡ» አለች ጋዜጠኛዋ።

ጥሩዬ ክው አለች። ጠዋት ባለካሜራው «ስቆ እጁን ያነሳ ቀድሞ ይገባል» ብሏቸው ነበር።

«ይኸው፣ በዓይኔ አየሁሽ» አለ ደርሶ። «ምን አጥፍተሽ አባረሩሽ?»

በሶውን በውሃ አሽታ ጭብጦ ሠራችና ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች።

«ሰነፍ አያጎርሰኝም» ብሎ አፉን ገጠመ።

እጇን አላጠፈችም። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ምድጃውን በጥፊ ሲያጮል ተሰማ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤትም፣ ከዚያም ማዶ ያለው።

ደርሶ ጥቂት አዳመጠ። ዓይኗን ሳያይ አፉን ከፈተ።