እርስዎ ይቅደሙ

መምህር ሃይላይ በመቀሌ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም እንዳላት፣ ወንድ ደግሞ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ እንዳለው ያላስረዱት የሰፈር ሰው የለም፤ ሰርግ ላይ ሳይቀር። ከዕውቀታቸው የሚበልጥ ነገር ቢኖር ጨዋነታቸው ብቻ ነው።

አንገታቸው ላይ የወጣው ንፍፊት ሁለት ወር ሙሉ አልጠፋ አለ። ሐኪሙ፣ «ቆርጠን ክሮሞሶሙን እናስመርምር፤ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር እንዳይሆን። ከሆነም ቶሎ ከደረስንበት ይድናል» አላቸው።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ የታካሚዎቹን ስም ከዝርዝሩ እያየች አስቀድማ በናሙና ብልቃጦቹ ላይ ጽፋ፣ በተራ ደርድራለች። አንደኛ መምህር ሃይላይ፤ ሁለተኛ ወይዘሮ ለተመድህን፣ የዓይናለም ሰፈር ነጋዴ፣ የእሳቸውም አንገት አብጦ። ስማቸው ሲጠራ መምህሩ በሩ ላይ ቆሙ።

«አደይ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ መምህር! ተራው የእርስዎ ነው።»

«ሴት ቆማ ወንድ አይቀድምም። ካልገቡ እኔም አልገባም።»

ሐኪሙ ከውስጥ «ኧረ አንዳችሁ ግቡ!» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮዋ ገቡ። ጨዋነት ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ናሙናዎቹ ከቁሓ አየር ማረፊያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ፤ እንደ ደንቡም የተነገረው ለታማሚው ሳይሆን ለዘመድ ነው። ወንድማቸው ረዳኢና ባለቤታቸው ሠርክአዲስ እየሳቁ ተመለሱ።

«ሓወይ፣ ነጻ ነህ!» አለ ረዳኢ።

«ወረቀቱስ?»

«አንተ ሰው፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ነጻ ነህ ተባልክ እኮ!» አለች ሠርክአዲስ።

መምህሩ ሳቃቸውን አጠኑት። ጎረቤታቸውን አቶ ፍሰሃጽዮንንም ዘመዶቻቸው «ጨጓራ ነው» እያሉ፣ እንዲሁ እየሳቁ ነው የቀበሯቸው። በግ ሲታረድ ጭራሽ ተስፋ ቆረጡ፤ ሠርክአዲስ ለጤነኛ ሰው በግ የምታሳርድ ሴት አይደለችም።

«የወይዘሮ ለተመድህንስ?»

ሁለቱ ተያዩ። «እሳቸውስ… አልሆነላቸውም» አለ ረዳኢ። «ክሮሞሶሙ ተሰባብሯል አሉ። ልጆቻቸው ብርድ ነው ብለው ጸበል ወስደዋቸዋል።»

«ምስኪን! ተራዬን እንኳ ለቅቄላቸው ነበር።»

ጥርጣሬው ግን አላስበላቸውም። ረዳኢ ኮቱን ሰቅሎ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ መዘዙ። ከላይ የራሳቸው ስም ሰፍሯል። የተሰበረ የለም፤ ከቦታው የተዛወረ የለም፤ አርባ ስድስቱም ክሮሞሶም ጤናማ ነው።

አልዋሿቸውም! እንባቸው መጣ። እግዚአብሔር የጨዋነታቸውን ዋጋ የከፈላቸው መሰላቸው። ከዚያ መነጽራቸውን ጠርገው፣ እንደ ፈተና ወረቀት፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል አነበቡት።

ከአርባ ስድስቱ ቀጥሎ ሁለት ኤክሶች ተጽፈዋል።